ምዕራፍ ሰባት፦ ያልተጻፈው ቋጠሮ

በጅቡቲ ከተማ የሶማሌ ልጅ ስታገባ እናቷ ለአማቾቿ የምትልከው ስጦታ አለ። ስሙ ሔዶ ነው። ሠርጉ ካለፈ ሳምንት ያህል ቆይቶ ሙሽራው ቤት ይደርሳል። መሐል ወለል ላይ ሲቀመጥ ነጭ ለብሳ መቀነቷን የታጠቀች ሴት ይመስላል። ከላይ ጨርቅ፣ ከጨርቁ ሥር ቆዳ፣ ከቆዳው ሥር ከተክል ጭረት የተሰፋ መያዣ አለው፤ አሠራሩ ከእኛ አገልግል ብዙም አይርቅም። ከሁሉም ውስጥ የሚገኘው በጥቃቅኑ ተከትፎ በቅቤ የተዘፈቀ የደረቀ ሥጋና ተምር ነው።

የዓይን ሁሉ ማረፊያ ግን ገመዱ ነው። ሔዶው ከአናቱ እስከ እግሩ በገመድ ተጠምጥሟል፤ የገመዱ ጫፍ የት እንደገባ አይታይም። የሙሽራው ወገኖች ጫፉን ፈልገው፣ ቢላ ሳያስነኩ፣ በጣታቸው ብቻ ፈትተው መክፈት አለባቸው። አንዱ ይሞክራል፤ የያዘው ገመድ ተመልሶ ወደ ሌላ ቋጠሮ ይገባበታል። ሌላው ይቀበለዋል። ሴቶቹ በግጥምና በዜማ ያጅባሉ፤ ያቃተውን ይተርቡታል፣ ቅጣትም ይጥሉበታል። የሙሽሪት እናት ሙያ የሚመዘነው በዚህ ሰዓት ነው። ቋጠሮው ቶሎ ከተፈታ ሥራው ቀላል ነበር ማለት ነው፤ ካስቸገረ ልጅቷ የባለሙያ ልጅ ናት።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ቦትስዋና ባደረገው ጉባኤ ሔዶን አስቸኳይ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። እዚህ መዝገብ ውስጥ የሚገባው የመጥፋት ሥጋት ያንዣበበበት ሙያ ነው።

ስለ ሹራብና ስለ ዳንቴል ኑሮ የሚያወራው ምዕራፍ ከዚህ ስጦታ የተነሣበት ምክንያት አለ። ክርና ገመድ ይዘው የሚውሉ እጆች በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት ዕድል ገጥሟቸዋል። የአንዳንዶቹ ሙያ መጽሐፍ ሆነ፤ በመጽሐፉም ከማሽን ዘመን ተረፈ። የሌሎቹ ሙያ በእጅና በአፍ ብቻ ቀረ፤ ዛሬ ከባለቤቶቹ ጋር እያረጀ ነው። ልዩነቱን የፈጠረው የጥበቡ ደረጃ አይደለም፣ ጽሑፍ ነው። ይህ ምዕራፍ የሚለው ይህንኑ ነው።

ሹራብ የቆላ ልጅ ነው

ሹራብ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ብርድ ነው፤ ጉሙ፣ ሱፉ፣ ምድጃ ዳር የተቀመጡት አሮጊት። በሐሩር ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ጅቡቲ ስለ ሹራብ ማውራት ለዚህ ነው ግራ የሚያጋባው። ታሪኩ ግን የሚጀምረው ከሞቃት አገር ነው።

እስከ ዛሬ ከተገኙት በሹራብ መርፌ የተሠሩ ልብሶች ውስጥ ጥንታዊዎቹ የግብፅ ካልሲዎች ናቸው። የተሠሩት ከ11ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ነው። ክራቸው ጥጥ ነው፤ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ሰማያዊ የተነከረ። በአንዳንዶቹ ላይ የዐረብኛ ፊደል የሚመስል ጥለት ዙሪያቸውን ይሄዳል። ከእነዚህ አንዱ ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው የጨርቃ ጨርቅ ሙዚየም ተቀምጧል። ከእነርሱ የሚቀድም ቀይ የሱፍ ካልሲም አለ፤ ከግብፅ ኦክሲሪንከስ ከተማ የተገኘ፣ ከ250 እስከ 420 ዓ.ም. ባለው ዘመን የተሠራ ነው። ጫማ ማሰሪያው በጣቶች መካከል እንዲያልፍ አውራ ጣቱ ለብቻው ተከፍሏል። ይህኛው የተሠራው ግን በአንድ የስፌት መርፌ በሌላ ዘዴ ስለሆነ የሹራብ ታላቅ ወንድም ልንለው እንችላለን። ማረፊያው የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው።

ካልሲ ለምን ቀደመ? መልሱ በአሠራሩ ውስጥ አለ። ሽመና ድርና ማግ ይፈልጋል፤ ሁለቱ ቀጥ ብለው ስለሚተላለፉ ጨርቁ እምብዛም አይለጠጥም። ሹራብ አንድ ክር ይበቃዋል። በአንዱ መርፌ ላይ ቀለበቶች ተደርድረዋል። ሁለተኛው መርፌ አንዱ ቀለበት ውስጥ ይገባና ክሩን ጠልፎ በቀለበቱ መሐል ስቦ ያወጣዋል፤ አዲስ ቀለበት ተወለደ ማለት ነው። አሮጌው ከመርፌው ይወርዳል፤ እንዳይፈታ ግን አዲሱ አንገቱን ይዞታል። በዚህ ዓይነት እያንዳንዱ ቀለበት የበታቹን ይዞ በበላዩ ተይዞ ይኖራል። ቀለበት ሲሳብ ይረዝማል፣ ሲለቀቅ ይመለሳል። ተረከዝና ቁርጭምጭሚት ላይ ሳይሰፋና ሳይጠብ የሚቀመጥ ልብስ የተገኘው ከዚህ ጠባይ ነው።

ድክመቱም ከዚያው ይመጣል። አንዱ ቀለበት ሳይያዝ ካመለጠ የበታቹም ድጋፍ ያጣል፤ ሥራው እስከ ታች ይተረተራል። ሹራብ የምትሠራ ሴት እያወራች እንኳ በጣቷ የምትቆጥረው ለዚህ ነው። በኪሮሽ የሚሠራው ዳንቴል በዚህ በኩል ይሻላል። ኪሮሽ ጫፉ የተቆለመመ አንድ ዘንግ ነው፤ አንዱን ቀለበት ሳይጨርስ ወደ ሌላው አይሄድም። ስለዚህ በማንኛውም ሰዓት ክፍት ሆኖ የሚቆየው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቀለበት ብቻ ነው። ልጅ ሲያለቅስ ወይም ወጥ ሲያር ሥራውን ጣል አድርጎ መነሣት ይቻላል።

ከግብፅ በኋላ ሹራብ የሜዲትራኒያንን ባሕር ዳር ይዞ ወደ አውሮፓ ዘለቀ። እ.ኤ.አ. በ1275 የሞተው የካስቲል ልዑል ፈርናንዶ ዴ ላ ሰርዳ ስፔን ውስጥ ቡርጎስ አጠገብ ሲቀበር አብረውት የተቀበሩት ትራሶች ልብስ ከሐር የተሠራ ሹራብ ነው፤ በአገሩ የነበሩ ሙስሊም ባለሙያዎች እንደሠሩት ይታመናል። የሰሜን አውሮፓ አሮጊቶች ሱፋቸውን ይዘው የተቀላቀሉት የቆላው ጥጥና ሐር መንገዱን ከጠረገ በኋላ ነው።

መጽሐፍ የታደገው እጅ

እ.ኤ.አ. በ1589 ዊልያም ሊ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ የካልሲ መሥሪያ ማሽን ፈለሰፈ። ንግሥት ኤልሳቤጥ የእጅ ሠራተኞች ድሆች እንጀራቸውን ያጣሉ ብላ የባለቤትነት ፈቃድ እንደከለከለችው ይተረካል። ክልከላው ማሽኑን አላስቀረውም። ቀስ በቀስ ተስፋፋ፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የፋብሪካ ካልሲና ሹራብ በየገበያው ረከሰ። በንግድ ስሌት ከሄድን የእጅ ሹራብ ያኔ መሞት ነበረበት።

ያዳነው ማተሚያ ቤት ነው። የሹራብ አሠራር መመሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ በመጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1655 ለንደን ውስጥ እንደሆነ ይነገራል። ከ1840ዎቹ ጀምሮ ደግሞ እንዲህ ያሉ መጻሕፍት በብዛት መውጣት ያዙ። ከሁሉ የገነነው ቴሬዝ ዴ ዲልሞን የተባለች የኦስትሪያ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1886 ያወጣችው የእጅ ሥራ ኢንሳይክሎፔዲያ ነው። ስፌቱ፣ ጥልፉ፣ ሹራቡ፣ ኪሮሹ፣ የገመድ ቋጠሮው ሁሉ በሥዕል ተደግፎ ተብራርቶበታል። አሳታሚው ዲ ኤም ሲ የተባለው የሙሉዝ ከተማ ክር ፋብሪካ ነበር። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ አሠራሩን ያወቀች ሴት ክር ትገዛለች። መጽሐፉ ወደ ብዙ ቋንቋዎች ተተረጎመ፤ ዛሬም ይታተማል። ፋብሪካው ለትርፉ ሲል ያደረገው ነገር በየመንደሩ ተበታትኖ የነበረውን ዕውቀት አንድ ላይ ሰበሰበው።

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይህ ሥራ ወደ ሠሪዎቹ እጅ ተመለሰ። ባርባራ ዎከር እ.ኤ.አ. በ1968 የሹራብ ጥለቶችን እየለቀመች በአንድ ጥራዝ አወጣች። ኤልሳቤጥ ዚመርማን በ1971 ያሳተመችው መጽሐፍ ደግሞ መመሪያን መከተል ብቻ ለሚያውቁ እጆች ነጻነት ሰጠ። ዘዴዋ ይህን ይመስላል። መጀመሪያ ትንሽ ናሙና ይሠራል። በናሙናው 10 ሳንቲ ሜትር ላይ 20 ቀለበት ቢቆጠርና የደረቱ ዙሪያ 100 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ለገላው 200 ቀለበት ያስፈልጋል። ይህ መቶ በመቶው ነው። ሌላው ሁሉ ከእርሱ ይወጣል፤ የእጅጌው አንጓ 20 በመቶ ማለትም 40 ቀለበት፣ ክንዱ ሲሶው ማለትም 66 ያህል። ክሩ ቢወፍር ወይም ሰውየው ቢሰፋ ቁጥሩ ይለወጣል፣ ሕጉ ግን አይለወጥም። አንዲት ሴት በእጇ ስትሞክር የኖረችው ነገር ተጽፎ የማታውቃቸው ሚሊዮኖች ቤት ገባ።

ልብ ልንለው የሚገባን እነዚህ መጻሕፍት አሠራር ብቻ አለመያዛቸውን ነው። ዚመርማን ስለ ባሏ፣ ስለ ድንኳን ጉዞዋ፣ ስለ ልጆቿም ትጽፋለች። ኑሮው ከቁጥሩ ጋር አብሮ ይሄዳል። የእንግሊዝ ጳጳስ የነበረው ሪቻርድ ረት እ.ኤ.አ. በ1987 የእጅ ሹራብን ታሪክ ሲጽፍ ሊቃውንት ንቀው ያለፉትን የቤት ሥራ የታሪክ ምርምር አደረገው። ከዚያ ወዲህ ሹራብ በመደብር ቢረክስም የሚሠራው ሰው አልጠፋም፤ ምን እየሠራ እንደሆነ፣ ከማንስ እንደተቀበለው ያውቃልና።

ክርና ምስጢር

ከመመሪያው ጎን ለጎን ተረኩ አለ። የቻርልስ ዲከንስ የ1859 ልቦለድ ስለ ፈረንሳይ አብዮት ሲያወራ ማዳም ዴፋርዥ የምትባል ሴት አቁሞ ያሳየናል። መጠጥ ቤቷ ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ ሹራብ ትሠራለች። የሚያዩዋት ሥራ የያዘች የቤት እመቤት ናት ብለው ያልፋሉ፤ እርሷ ግን የሚገደሉትን ሰዎች ስም በቀለበቶቹ ውስጥ እየመዘገበች ነው። ዲከንስ አንድ እውነት ገብቶታል፦ ክር የያዘች ሴት ስታይ ትውላለች፣ እርሷን ግን ማንም አያያትም።

ይህ በልቦለድ ብቻ አልቀረም። ደቡብ አፍሪካ ደርባን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1921 የተወለደችው ፊሊስ ላቱር በግንቦት 1944 የብሪታንያ ሰላይ ሆና በጃንጥላ ኖርማንዲ ወረደች። እንደ መንደር ልጃገረድ በብስክሌት እየዞረች ሳሙና ትሸጥ ነበር። የመልእክት ኮዶቿ የተጻፉት በሐር ጨርቅ ላይ ነበር። ጨርቁን በሹራብ መርፌ ላይ ትጠመጥምና ፀጉሯን በምታስርበት ማሰሪያ ውስጥ ትከተዋለች። አንዱን ኮድ በተጠቀመች ቁጥር እንዳትደግመው በመርፌ ትወጋዋለች። በዚህ ዓይነት 135 መልእክት ላከች። የጀርመን ወታደሮች ፈትሸዋት ሳያገኙ አለፉ። ሹራብ መያዟ ራሱ መሸሸጊያዋ ነበር። ያረፈችው በ2023 ነው።

ወደ ራሳችን ስንመለስም ክር የያዘች ሴት ከታላቁ ታሪክ መካከል እናገኛለን። በኢትዮጵያ የብራና ሥዕሎችና የቤተ ክርስቲያን ግድግዳዎች ላይ መልአኩ ገብርኤል እመቤታችንን ሲያበስራት እንዝርትና ክር ይዛ ትታያለች። ለቤተ መቅደሱ መጋረጃ ሐርና ወርቅ አስማምታ ትፈትል እንደነበር አበው ያስተምራሉ። እ.ኤ.አ. በ1400 ገደማ የተሣለውና ዛሬ ሃምቡርግ የሚገኘው የቡክስተሁደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግሞ ድንግል ማርያምን በበርካታ መርፌዎች ስፌት የሌለው ቀሚስ ዙሪያውን እየሠራች ያሳያታል። የእኛ ሠዓሊ የሚያውቃትን ፈታይ ሣለ፤ የጀርመኑ ሠዓሊ የሚያውቃትን ሹራብ ሠሪ ሣለ። ሁለቱም የመረጡት ሰዓት እጅ ሥራ ላይ ያለበትን ሰዓት ነው። ሠዓሊዎቹ በሥዕል የጻፉትን ያህል እኛ በቃል አለመጻፋችን ያስቆጫል።

ከባሕሩ እስከ ደጋው

ጅቡቲ የእኛ የክር በር ናት። የባቡር ሐዲዱ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። 784 ኪሎ ሜትር በሆነው በዚያ መንገድ ጨርቁ፣ መርፌው፣ የስፌት መኪናውና ክሩ ወደ ደጋው ወጣ። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1931 የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። የልጃገረዶች ትምህርት ሲስፋፋ የእጅ ሥራ የሚባለው ክፍለ ጊዜም አብሮ ተስፋፋ። ጥልፍ፣ ሹራብና ዳንቴል የዘመናዊት ሴት መለያ ሆኑ።

ከዚያ በኋላ ያለውን የከተማ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ሬዲዮኑ ዳንቴል ለበሰ፤ ቴሌቪዥኑም፣ ሶፋውም፣ የብርጭቆ መደርደሪያውም። ልጃገረዶች ከሰዓት በኋላ በር ላይ ዱካ አውጥተው ኪሮሻቸውን ይዘው ይቀመጡ ነበር። ያገባች ልጅ ከቤቷ ይዛ የምትወጣው ዳንቴል የስንት ክረምት ሥራ እንደሆነ ጎረቤቱ ይመሰክራል።

አንዱን ዳንቴል ቀረብ ብለን እንየው፤ መሐሉ ላይ ሁለት ወፎች ፊት ለፊት የቆሙበትን። ወፎቹ የተገኙት ከሳጥኖች ነው። መላው ጨርቅ ጥቃቅን አራት ማዕዘን ሳጥኖች የተደረደሩበት መረብ ነው። ባዶውን ሳጥን ለመሥራት አንድ ቋሚ ዓምድ ይቆማል፣ ሁለት ሰንሰለት ይሠራል፣ ከታች ሁለት ቦታ ተዘሎ ሌላ ዓምድ ይቆማል። ሙሉው ሳጥን ሲፈለግ በሁለቱ ሰንሰለት ፋንታ ሁለት ዓምድ ይገባል። ሌላ ምስጢር የለውም። ባዶና ሙሉ ሳጥን እየተፈራረቁ የወፏን ምንቃር፣ ክንፍና ጅራት ያወጣሉ። የኮምፒውተር ስክሪን ሥዕል የሚያወጣውም ነጥቦችን በማብራትና በማጥፋት ነው፤ ሴቶቻችን ያንን ስሌት በኪሮሽ ጫፍ ሲሠሩት ኖረዋል።

አሠራሩ ከአንዷ ወደ ሌላዋ የተሻገረው ግን እንዴት ነው? በናሙና ነው። አንዷ የጎረቤቷን ዳንቴል ትዋሳለች፤ ወደ ብርሃን አንሥታ ሳጥኖቹን ረድፍ በረድፍ ትቆጥራለች፤ በቃሏ ይዛ ትጀምራለች። አንዳንዷ ባለመስመር ደብተር ላይ በመስቀል ምልክት ታሰፍረዋለች። ያ ደብተር ሲቀደድ ወይም ባለቤቷ ስታልፍ ወፎቹ አብረው ይሄዳሉ። ለኪሮሽ በየዓለሙ የምልክት ሥዕል ተበጅቶለታል፤ ጃፓኖች ያዳበሩት የሥዕል ጽሑፍ ቋንቋ የማያውቅ ሰው እንኳ አይቶ የሚሠራው ነው። የእኛ እናቶች የፈጠሯቸውና ያሻሻሏቸው ጥለቶች ግን ዛሬም ሳጥን ውስጥ ታጥፈው የተቀመጡ ጨርቆች ናቸው። የማን እንደሆኑ የሚናገር አንዲት መስመር የለባቸውም።

ፈተናው የሚበረታበት ከተማ

ወደ ጅቡቲ እንመለስ። በሶማሌ አርብቶ አደር ዘንድ ቤትን የምትሠራው ሴት ናት። ቤቱ የቅርንጫፍ ቅስትና ምንጣፍ ነው፤ ሲነሡ ተጠቅልሎ በግመል ይጫናል፣ ሲያርፉ ይተከላል። ምንጣፎቹን ሴቶች ተሰባስበው ከሣርና ከልጥ ይሠሯቸዋል። ልጅ ስትዳር ደግሞ ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ ያግዛል። የአፋር ሴቶችም ከዘንባባ ቅጠል ምንጣፍና ዕቃ ይሠራሉ፤ ቅጠሉን ሰንጥቀው፣ ቀለም ነክረው፣ ጎንጉነው፣ ጉንጉኑን ከጉንጉን ይሰፉታል።

ሥራው ያለ ዜማ አይሄድም። የሶማሌ ሴቶች ለምንጣፍ ሥራ የራሳቸው የሥራ ዘፈኖች አሏቸው፤ ቡራንቡር የሚባል የሴቶች የግጥም ዓይነትም አላቸው። እጁ የሚሄድበት ምት ዘፈኑን ይመራዋል፤ ዘፈኑም ለባል፣ ለአማት፣ ለድርቅ፣ ለስደት የሚባለውን ይናገራል። በአደባባይ የማትናገረውን ቅሬታ ሴት በሥራ ላይ ስትዘፍነው ነውር የለበትም። በሌላ አገር በሹራብ መጻሕፍት ውስጥ የሚገኘው ኑሮ እዚህ አገር የኖረው በዚህ መልክ ነው።

ይህ ሁሉ እንደምን ሥጋት ላይ ወደቀ? አንደኛው ምክንያት ቤቱ ነው። ሰው ከገጠር ወጥቶ በባልባላና በሌሎች የከተማው ሰፈሮች የቆርቆሮና የብሎኬት ቤት ሲገባ የሚጠቀለል ምንጣፍ ሥራ ፈታ። ምንጣፍ ሲቀር መሰባሰቡ ቀረ፤ መሰባሰቡ ሲቀር ዘፈኑ መነሻ አጣ። ሁለተኛው ወደቡ ነው። ከኢትዮጵያ የውጭ ንግድ 90 በመቶ ያህሉ የሚያልፍበት ከተማ ርካሹን ዕቃ በቅድሚያ የሚያይ ከተማ ነው። የፕላስቲክ ምንጣፍ፣ የፕላስቲክ ቅርጫት፣ በቦንዳ የሚገባ ልባሽ ሹራብ መጀመሪያ የሚወርደው እዚያ ነው። ሦስተኛው ቋንቋ ነው። የአገሪቱ የሥራ ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው፤ የሙያው ባለቤቶች የሚያስቡት በሶማሌኛና በአፋርኛ ነው። የሶማሌኛ የላቲን አጻጻፍ ሶማሊያ ውስጥ በይፋ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ከዚያ በፊት የኖረችው አያት ቋጠሮዋን በገዛ ቋንቋዋ መጻፍ ብትፈልግ እንኳ የተደላደለ መንገድ አልነበራትም።

በመሐል ከተማ፣ ሰው እስከ ዛሬ የምኒልክ አደባባይ በሚለውና በይፋ በነጻነት ቀን በ27 ጁን 1977 በተሰየመው አደባባይ አካባቢ፣ ሌ ኬስ የሚባል ገበያ አለ። ለእንግዳ የሚሸጥ የእጅ ሥራ ይደረደርበታል። መሸጡ ጥሩ ነው፤ ለሠሪዋ ገቢ ነው። ነገር ግን ገዢው ይዞት የሚሄደው ዕቃውን ነው። ማን እንደሠራችው፣ ለምን ጥለቱ እንዲያ እንደሆነ፣ ሲሠራ ምን እንደተዘፈነ ከዕቃው ጋር አይጠቀለልም።

ሔዶ ከሌሎቹ የተሻለ ዕድሜ ያገኘው ሠርግ ስለሚጠራው ነው። ሠርግ እስካለ ድረስ አማት ፊት መኩራት አለ። ዩኔስኮ መዝገብ ውስጥ መግባቱም ትልቅ ነገር ነው። አንድ አገር ማመልከቻ ስታቀርብ ሙያው ምን እንደሆነ፣ እነማን እንደሚሠሩት፣ እንዴት እንደሚተላለፍ፣ ምን እንዳሠጋው፣ ምን ሊደረግ እንደታሰበ በዝርዝር መጻፍ ይኖርባታል፤ የባለሙያዎቹም ፈቃድ ይጠየቃል። ስለዚህ ጥበቃው የተጀመረው በመጻፍ ነው።

ሙያ በልብ ነው?

«ሙያ በልብ ነው» እንላለን። አባባሉ ለሥራ ሰው ክብር ይሰጣል፤ አታውራ፣ ሠርተህ አሳይ ይላል። ለእጅ ሥራ ሲሆን ግን ዋጋ አስከፍሎናል። በልብ የተያዘ ሙያ ልቡ ሲቆም ይቆማል። የሙሉዙ ክር ፋብሪካ የማያውቃቸውን ሴቶች ዕውቀት ሰብስቦ ሲያሳትም እኛ የምናውቃቸውን እናቶቻችንን አልጠየቅንም።

እርግጥ ነው፣ መጽሐፍ እጅን አይተካም። ክሩ በጣት ላይ ምን ያህል ይጥበቅ የሚለውን የትኛውም ገጽ አያስተምርም፤ አጠገቧ ተቀምጦ ማየት ያስፈልጋል። የሔዶን ቋጠሮ አሠራር ዘርዝሮ ማሳተምም ጥንቃቄ ይሻል፤ የጨዋታው ጣዕም መደበቁ ላይ ነውና የሚጻፈውንና የሚቀረውን መወሰን የባለሙያዎቹ መብት ነው። ይህ ግን ላለመጻፍ ምክንያት ሊሆን አይችልም። የሚጻፈው ብዙ ነው። ክሩ ወይም ቅጠሉ ከየት ይመጣል፣ መቼ ይቆረጣል፣ በምን ይነከራል? ሥራው በስንት ይጀመራል፣ የት ላይ ይጨመራል፣ የት ላይ ይቀነሳል? ማን አስተማረች፣ ለማን ተሠራ፣ ሲሠራ ምን ይወራ ነበር? ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ሙያን ከመመሪያነት አውጥቶ የሰው ታሪክ የሚያደርገው ግን እርሱ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ጅቡቲም ይኑሩ፣ ድሬዳዋም፣ ጎንደርም ወይም ባሕር ማዶ፣ ክር የያዘ እጅ ከቤትዎ ወይም ከጎረቤትዎ አይጠፋም። እናትዎ፣ አክስትዎ ወይም የሰፈርዎ እትዬ ባሉበት በዚህ ሰሞን ደብተር ይዘው ይቀመጡ። የሠሩትን ያውጡልዎ፤ ረድፉን አብረው ይቁጠሩ፤ ፎቶ ያንሡ፤ የሚሉትን እንዳሉት ይጻፉ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሙሉ ስማቸውን፣ የተማሩበትን ቦታና ዓመተ ምሕረቱን ያስፍሩ። የሠሩትን ያየን ብዙዎች ነን፤ ስማቸውን ከሥራቸው ጋር የሚያስቀምጥ ሰው ነው የጎደለው።